ሲሚንቶው እስኪጠጥር

በሙያው ያሉ ሰዎች ውሃ ልክ ነው የሚሉት። ወለል ላይ ሴራሚክ ሲያነጥፍ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው፤ ያቺ አረፋ ያላት የመለኪያ ዘንግ ከእጁ ተለይታ አታውቅም። ሳይለካ አይቆርጥም፣ ሳይለካ አይናገርም፤ ሚስቱ እንደምትለው ከሆነ ደግሞ ሳይለካ አይስቅም፤ ቀልዱን ዛሬ ሰምቶ ነገ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ይስቃል።

ሰው በእግሩ የሚሄደውን ያህል እሱ በጉልበቱ ሄዷል። የሴራሚክ ሥራ የኋልዮሽ ነው፤ ከግድግዳው ጥግ ተነስተህ፣ ተንበርክከህ፣ ያነጠፍከውን ሳትረግጥ ወደ በሩ እያፈገፈግህ ትወጣለህ። የሌላ ሰው ሳሎን፣ የሌላ ሰው መታጠቢያ ቤት፣ የባንክ አዳራሽ፣ የትምህርት ቤት ኮሪደር፤ ሁሉንም በጉልበቱ አዳርሷቸዋል። መጀመሪያ የቀኟ ጉልበት ጠዋት ጠዋት ማጉረምረም ጀመረች። ከዚያ ማታም ጨመረች። ከዚያ ደረጃ ላይ ከዳችው። በመጨረሻ አልጋ ላይ ጎን መቀየር እንኳ ስንቅ ተይዞ የሚወጣበት መንገድ መሰለ።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አንስቶ አጥንት ከአጥንት እንዴት እንደሚፋጭ አሳየው። ጉልበቷ መቀየር አለባት፤ ለሥራ መንበርከክ ግን ከእንግዲህ አይታሰብም አለው። ውሃ ልክ እንቅልፍ ለመተኛትና ደረጃ ለመውጣት ነበር የመጣው፤ ተስማማ። ሐኪሙ ከመሳቢያው የማሳያ ጉልበት አወጣና እያጠፈ እየዘረጋ፣ ይሄ ብረት እዚህ ይገባል፣ ይሄ ፕላስቲክ መሃል ይሆናል፣ ብረቶቹን ከአጥንቱ ጋር በሲሚንቶ እናጣብቃቸዋለን ሲል፣ ውሃ ልክ ቀና አለ።

«በሲሚንቶ?»

«በሲሚንቶ። የአጥንት ነው።»

ከዚያ በኋላ የተባለው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። በዚያ መድኃኒት መድኃኒት በሚሸት ሕንፃ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀው ነገር ተጠርቷል። ስለ ሲሚንቶ ደግሞ ሰው እሱን ይጠይቀዋል እንጂ እሱ ሰው ጠይቆ አያውቅም። ያን ዕለትም አልጠየቀም።

በቀዶ ጥገናው ቀን ያደነዘዙት ከወገቡ በታች ብቻ ነበር። ሕመም አልተሰማውም፤ ግን ከመጋረጃው ወዲያ መጋዝ ሲጮኽ፣ ቀጥሎም መዶሻ ሲመታ ሰማ። ከሸለብታው ጋር እየታገለ ነበርና ጎረቤት ቤት የሚሠራ መስሎት፣ «መቺው እጁ የረጋ ነው» ብሎ በልቡ አደነቀ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ መደንዘዙ ለቆታል፤ ሲመታ የነበረው የጎረቤት ቤት አለመሆኑም ያኔ በደንብ ገባው።

አጠገቡ ባለው አልጋ ላይ በዚያው ቀን የግራ ጉልበቱን ያስቀየረ የከባድ መኪና ሹፌር ተኝቷል። ድምፁ ትልቅ፣ ሆዱ ትልቅ፣ ሕመም ሲመጣ ግን እናቱን የሚጠራ ሰው ነው። በማግስቱ ጠዋት ፊዚዮቴራፒስቷ መጣች፤ ፊቷ ገና የተማሪ ነው፣ እጇ ግን የአንጥረኛ። የውሃ ልክን ብርድ ልብስ ገለጠች፣ ተረከዙን በአንድ እጇ ያዘች፣ ሌላውን ከጉልበቱ ሥር አስገባችና ወደ መቀመጫው ገፋችው። «ትንሽ ጨመር አባባ። ትንሽ ጨመር።» ትንሽ የምትለው ነገር ማለቂያ የለውም። ሹፌሩ ወዲያውኑ ወይዘሪት ትንሽ ጨመር ብሎ ሰየማት፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች አለፈች።

ጉልበቱ የታጠፈች ጊዜ ነው ያን ድምፅ የሰማው። ቀጭ። ቀጭን፣ ደረቅ፣ ከውስጥ የመጣ ድምፅ። ሕመሙን ረሳው።

ያን ድምፅ ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት አንድ ትልቅ የድግስ አዳራሽ አንጥፎ ነበር። ባለቤቱ ቸኩሎ፣ ሲሚንቶው ሳይጠጥር ወንበርና ጠረጴዛ አስገባበት። ለዓይን ምንም አልሆነም፤ ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል። ውሃ ልክ ግን በሩ ላይ አንዷን ረገጥ ሲያደርጋት፣ ቀጭ። አጠገቧ ያለችውም፣ ቀጭ። በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ ሲያደርጋቸው ሁሉም እንደ ባዶ እንስራ መለሱለት። ከሥር አልያዙም። አዳራሹን በሙሉ በገዛ እጁ አንስቶ እንደገና አነጠፈው፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ወለል ላይ የሚራመድ ሰው ካየ ዓይኑ ደም ይለብሳል።

እና አሁን ይቺ ልጅ፣ ትናንት ከሰዓት በተነጠፈ ነገር ላይ ትራመዳለች።

ቢናገር ምን ይላል? ሐኪሞች ናቸው፣ የሚያውቁትን ያውቃሉ፤ ባለ አዳራሹም የሚያውቀውን ያውቅ ነበር። በልቡ ግን ስሌቱን ሠራ። ሲሚንቶ ሲጠጥር ውሃ ይጠጣል፤ እነዚህ ደግሞ ቁስሉን ውሃ እንዳይነካው ብለዋል። ውሃ ያላገኘ ሲሚንቶ ይዘገያል፣ ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ ከወትሮው አብልጦ መታገሥ ነው። ሲሚንቶው እስኪጠጥር ድረስ ጉልበቷን ማንም እንዳይረግጥበት፣ እሱም ራሱ እንዳይረግጥ ወሰነ። መራመዱን በብረት መደገፊያው ይራመዳል፤ እግሩን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጎ። ማጠፉን ግን ይቅር ይበሉት።

ቤት ሲገባ ነገሩ ቀለለው። ሚስቱ ልብስ ንጽህና ቤት ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ሸሚዝና የሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች። ለእሱ ብላ የወሰደችው ፈቃድ ቶሎ አለቀና ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ጠዋት ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ሾርባውን በፔርሙዝ አልጋው አጠገብ ታስቀምጥለታለች፤ ማታ ከእንፋሎት ውስጥ እንደወጣች፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ትመጣለች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ትጠይቀዋለች። ሠርቷል ወይ? ሠርቷል። ስንቴ? እንደታዘዘው። አላመነችውም ማለት አይቻልም፤ ግን ማታ ማታ ወጥ ቤት ሆና ጆሮዋን ትጥላለች። እሱም ያውቃል። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል። አንድ። ሁለት። ሦስት። አልፎ አልፎ መሃል ላይ ያቃስታል። ማቃሰቱ ውሸት አልነበረም፤ ያለ እንቅስቃሴም ያምመዋል።

ጠያቂ አልጠፋም። የሚመጣው ሁሉ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እግሩን በዓይኑ ከላይ እስከ ታች ከለካ በኋላ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይለዋል። ጎረቤቶቹ ይህንኑ አሉት፣ የሚስቱ ወንድም አለው፣ የሕንፃው ጥበቃ ሳይቀር በመስኮት አለው። በመጨረሻ አንዷን አክስቱን፣ እንቁላሉ እኮ ጉልበቱን አላስቀየረም አላት። አክስቱ ተቀይማ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። ሹፌሩ ብቻ ነው ምሳሌ የማያመጣው፤ ስልክ ይደውልና ስለ መኪና እንደሚያወራ ሰው ይጠይቃል፦ ፍሪሲዮን መርገጥ ጀመርክ ወይስ ገና በገመድ ትጎተታለህ? የሱ ጉልበት ትታጠፋለች፤ ባጠፋት ቁጥር ይራገማል፤ ከተራገመ በኋላ ደግሞ ያጥፋታል። ውሃ ልክ በልቡ ያዝንለታል። ይሄ ሰው ወለሉን አበላሸ፣ ይላል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ደረሰ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ጠባብ ነው፤ ተራ ጠባቂዎች ግድግዳውን ተደግፈው በረጅሙ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። የውሃ ልክ እግር መሃል መንገድ ላይ እንደ መዝጊያ ዘንግ ተጋድሟል። አንሶላ የተከመረበት ጋሪ የምትገፋ ሠራተኛ መጣችና ቆመች።

«አባት፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ።»

ሊሰበስብ ሞከረ። አልሆነም። አሁን ፈቃዱም አብሮ ነበር፤ ግን እግሩ እሺ አላለም። ሚስቱ ብድግ ብላ ጋሪውን በራሷ እጅ አንስታ አዞረችው። «ጉልበቱ አዲስ ነው፣ ይቅርታ» አለቻት። ሠራተኛዋም ሁሉም እዚህ አዲስ ነው ብላ አለፈች።

ያኔ፣ ሲሚንቶው ባይሆንስ የሚል ጥርጣሬ ብልጭ አለበት። ገፍቶ አስወጣው።

ሐኪሙ ጉልበቱን በማዕዘን መለኪያ ሲለካ ውሃ ልክ ቁጥሩን ማየት አላስፈለገውም። ስኳድራ ይዞ ያረጀ ሰው ነው፤ ዘጠና ምን እንደሚመስል ዓይኑ ያውቀዋል፣ ይሄ ደግሞ አጠገቡም አልደረሰም። ከሆስፒታል ሲወጣ ከነበረው ያነሰ ነው አለ ሐኪሙ፣ ለእሱ ሳይሆን ለፊዚዮቴራፒስቷ። ልጅቷ ፊቷ ጠቆረ። አባባ ይሠራሉ ወይ ብላ ጠየቀች። ሚስቱ ቀድማ መለሰች፤ በየቀኑ ይሠራል፣ በጆሮዬ እሰማዋለሁ አለች። ውሃ ልክ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ትንሽ ዘንበል ብሏል።

ሐኪሙ ነገሩን አላስረዘመም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳድራውን ካልሞላ፣ ሙሉ በሙሉ አስተኝተው በኃይል ያጥፉታል። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ አጥንት ሊጎዳ ይችላል፤ ግን ከዚያም ከዘገየ እግሩ እንዲሁ ደርቆ ይቀራል።

በታክሲው ውስጥ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ እግሩን ዘርግቶ፣ ውሃ ልክ የሚያስበው ስለ መተኛቱ ነበር። እንቅልፍ ወስዶት ሳለ አንድ ጉልበተኛ ሐኪም መጥቶ፣ ያልያዘውን ሲሚንቶ እንደ ደረቅ ዳቦ ሲገምሰው። ከዚያ ሁሉንም አንስቶ እንደገና ማንጠፍ። በእሱ ሥጋ። ስለዚህ ቤት ሲደርስ ያደረገው ከዚህ ቀደም ያደርገው የነበረውን ነው፤ ተኛ፣ እግሩን ዘረጋ፣ ቆጠረ። ቀጠሮው እስኪደርስ ይጠጥራል፤ ያኔ በአንድ ጊዜ አጥፎ ያሳያቸዋል።

ሞኝ አልነበረም። ደክሞት ነበር፤ የደከመው ሰው ደግሞ ድሮ ልክ የነበረበትን ነገር ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል።

አንድ ቀን ከሰዓት ልብስ ንጽህና ቤቱ መብራት ጠፋና ሠራተኞቹ ተሰናበቱ። ሚስቱ ባልተለመደ ሰዓት ቤቷ ደረሰች። ቁልፉን በቀስታ አዞረች፤ ተኝቶ ከሆነ እንዳይነቃ ብላ። ከመኝታ ቤት ድምፁ ይሰማል። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። በራሷም ባይሆን በእሱ ብርታት ደስ አላትና በሩን ገፋ አደረገች።

ውሃ ልክ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረዋል፣ እግሩ ትራስ ላይ ቀጥ ብሏል፤ የመለኪያ ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋድሟታል፣ አረፋዋም መሃል ላይ ቆማለች። ከከንፈሩ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሃያ ሦስት አለና በሥርዓት አቃሰተ።

በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሠላሳ ሲል ዓይኑን ገለጠ።

«ጨረስክ?» አለችው።

የመለኪያ ዘንጉን ከጭኑ ላይ አነሳ። እሷ አልጮኸችም። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እንደተቀመጠች ጫማዋን በሌላው እግሯ ገፍታ አወለቀች። እግሯ አብጧል፤ የጫማው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀለበት ሠርቷል። ውሃ ልክ ያን ቀለበት ያየው ያን ጊዜ ነው።

«ቀን ሙሉ ቆሜ ካውያ እገፋለሁ» አለች። «ማታ ሽንኩርት እየከተፍኩ ያንተን ቁጥር እሰማለሁ። እሱም ይታገላል እላለሁ፣ እጽናናለሁ። ለካ የምሰማው ቁጥር ብቻ ነው።»

«አልያዘም» አላት።

«ምኑ?»

«ሲሚንቶው። ሳጥፋት ትጮኻለች። ከሥር አልያዘም ማለት ነው።»

መጀመሪያ ትኩሳት መስሏት ግንባሩን ዳሰሰች። ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ እሱ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ እየለካ፣ ሁሉንም ነገራት፦ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ቀጭታዋ፣ ውሃ ስላልጠጣው ሲሚንቶ፣ ማንም ሳይረግጠው መጠበቅ ስለሚገባው ነገር። ስትሰማው ትስቅ ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነበር። ሳቅ የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ሳቅም አቅም ይጠይቃል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ» አለች በመጨረሻ። «ሲሚንቶን ረስተውታል።»

ቀጥላም ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ፊዚዮቴራፒስቷ ቁጥሯን ሰጥታት ነበር። ደወለችና፣ መጥራት ሲጀምር፣ ስልኩን ለእሱ አቀበለችው። ራሱ እንዲጠይቅ። ውሃ ልክ ስልኩን እንደ ጋለ ብረት ያዘው። ዕድሜውን ሙሉ ያልጠየቀውን ጥያቄ፣ የልጅ ልጁ ልትሆን ለምትችል ሴት፣ በለሆሳስ ጠየቀ።

«ልጄ... ሲሚንቶው በምን ያህል ጊዜ ነው የሚጠጥረው?»

ልጅቷ ነገሩ የገባት ይመስላል፤ ድምፅዋ ለስለስ አለ።

«እዚያው ጠረጴዛው ላይ እያሉ ጠጥሯል አባባ። ከተለወሰ በኋላ ይሞቃል፣ ወዲያው ይደርቃል። ሐኪሙ ሳይደርቅ አይሰፋም።»

«ውሃ ሳይጠጣ?»

«ውሃ የማይፈልግ ዓይነት ነው።»

የሚሞቅ ከሆነ ገባው፤ ሲሚንቶ ሲይዝ እንደሚሞቅ በመዳፉ ያውቃል። ስለ ቀጭታዋ ጠየቀ። ብረቱና ፕላስቲኩ ሲነካኩ ነው አለችው፣ የሁሉም ይጮኻል፣ የሹፌሩ ከእሱ የባሰ ይጮኻል፤ እሱማ ሞተሩ ተነሳ ይላል። ከዚያ የተናገረችው ነገር ግን ከሁሉም በላይ ከውስጡ ገባ።

«ብረቱ ከያዘ ቆይቷል አባባ። አሁን እየጠጠረ ያለው ሥጋዎ ነው።»

በማግስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የወጥ ቤቱን ወለል ራሱ ነው ያነጠፈው፤ ከቤቱ ሁሉ የሚኮራበት እሱ ነው። ሚስቱ እግሩ ላይ ካልሲ አጠለቀችለት፤ ሴራሚኩ ላይ እንዲንሸራተት። ሥራው ቀላል ነው፤ ተረከዙን ወደ ኋላ፣ ወደ ወንበሩ ሥር መሳብ። ቀላል የሆነው ለመናገር ነው። ጉልበቷ ሳይሰፋ እንደታጠበ ጨርቅ ተኮማትራለች፤ ሲስባት ከውስጥ የሚቀደድ ነገር ያለ ይመስላል። ጆሮው ጭው ይላል። ላቡ ከአገጩ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ቀጭ ትላለች፤ ባለች ቁጥር ገላው ይሸማቀቃል፤ አእምሮው ያመነውን ሰውነቱ ገና አላመነም።

መለኪያው ከእግሩ ሥር ነበር። በሴራሚኮቹ መሃል ያለው መጋጠሚያ መስመር። አንድ ቀን ተረከዙ መስመሩን ይነካል፤ ሌላ ቀን ያልፈዋል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ጉልበቷ አብጣ በማደሯ ወደ ትናንት ወዲያ ቦታው ይመለሳል፣ እሱም እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ረዥም ጊዜ ይቀመጣል። ማታ ማታ ሚስቱ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ታስርለታለች። አንዳንዴ እያሰረች ታንቀላፋለች፤ እጇ ፎጣው ላይ እንዳለ። አሁን ጮክ ብሎ አይቆጥርም። ጆሮዋን ለማሳረፍ ይሁን ከእፍረት አታውቅም፤ እሱም አያውቅም። አንድ ምሽት ግን ከወጥ ቤቱ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፤ እሷ ከሳሎን ሆና፣ «ትንሽ ጨመር» አለችው። በማግስቱ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ሳቀ።

ሁለተኛው ቀጠሮ እንደ መጀመሪያው ነበር፤ ያው ኮሪደር፣ ያው አግዳሚ። ሐኪሙ መለኪያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ውሃ ልክ ዓይኑን ጨፈነ፤ በዚህች ቀን ዓይኑን አላመነውም። ሐኪሙ ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ጠበቀ። ስኳድራውን ሞልቷል፣ በጥቂቱም አልፏል። ማስተኛት አያስፈልግም አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ። ከመታጠቢያው ሆኖ ሳይዞር፣ ሌላኛዋ ጉልበትም እኮ ራጅዋ ጥሩ አይደለም፣ ሲበረቱ እናያታለን አለ። ፊዚዮቴራፒስቷ ትከሻውን ነካ አድርጋ ወደ ሌላ ታካሚ አለፈች። ይኸው ነው። ያን ሁሉ ላብ ያህል ቃል ማንም አልተናገረም፤ እሱም የሚጠብቀው ቃል አልነበረውም።

የቀረው መድኃኒት ቤቱ ስማቸውን እስኪጠራ መጠበቅ ነበር። ሚስቱ አጠገቡ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ጭንቅላቷ ዘመመና ትከሻው ላይ አረፈ። ፀጉሯ የካውያ እንፋሎት ይሸታል። ትንፋሿ ከበደ፤ በኮሪደር ጫጫታ መሃል የሚተኛ ሰው እንቅልፍ ምን ያህል የተጠራቀመ እንደሆነ ያስታውቃል።

የአንሶላው ጋሪ ከወዲያኛው ጫፍ ብቅ አለ። ሠራተኛዋ ያቺው ናት። እሱ ዘንድ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ አላስታወሰችውም።

«አባት፣ እግርዎን።»

ትከሻውን ሳያነቃንቅ፣ ተረከዙን ወለሉ ላይ እያንሸራተተ፣ እግሩን ወደ አግዳሚው ሥር ሳበው። ቀጭ አለች። ጋሪው አለፈ።

መልሶ ቢዘረጋው ሕመሙ ይቀልለት ነበር። ግን ለመዘርጋት ጎኑን ማዞር አለበት፤ ጎኑን ካዞረ ትከሻው ይንቀሳቀሳል። እግሩን እንደታጠፈ ተወው፤ ስማቸው እስኪጠራ።